ሌሊት የሚባንነውን ሰው አንደብቀው፣ አንደብድበውም



ምስጋና ለአላህ ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ዛሬ የምናነሳው ቀን ቀን የማይወራ ጉዳይ ነው። በብዙዎቻችን ቤት አለ፤ ግን በር ተዘግቶ፣ «ጎረቤት እንዳይሰማ» ተብሎ ይታለፋል። ልጁ ከተኛበት ተነስቶ ዐይኑን እንደገለጠ ወደ በር ይሮጣል፤ እናቱ ስትይዘው አያውቃትም። አባወራው በእንቅልፍ ልቡ ይራገጣል፣ ይማታል፤ ጠዋት ሚስቱ ክንዷ ላይ ያለውን ሰንበር በሻርፕ ትሸፍናለች። ወጣቷ ነቅታ ጣሪያውን ታያለች፣ እጅ እግሯ ግን አልታዘዝ ይላታል፤ ደረቷ ላይ አንዳች ነገር የተቀመጠባት ይመስላታል። ይህን የመጨረሻውን «ዱካክ» እንለዋለን። ሌላው ደግሞ ያንኑ አንድ ቅዠት በየሌሊቱ እያየ እያላበው ይባንናል፤ እስኪነጋም ተመልሶ አይተኛም።

እኛ መቀሌ ያለን ሰዎች ይህን ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ስለምናውቀው ግን በትክክል ይዘነዋል ማለት አይደለም። የዚህ ጽሑፍ መልእክት አንድ ነው፦ ሌሊት የሚባንነው ሰው ጥፋተኛ አይደለም፤ ሩቅያውም ሕክምናውም ይገባዋል፤ ድብቅነትና ዱላ ግን አይገባውም።

ከጀመዓችን የሆነች አንዲት እናት የደረሰባትን እናስቀድም። የአስራ አንድ ዓመት ልጇ ከተኛ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ እየጮኸ ይነሳ ነበር። ልቡ ይመታል፣ ያልበዋል፣ ቢጠሩት አይሰማም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ይተኛል፤ ጠዋት ሲጠየቅ ምንም አያስታውስም። ጎረቤቶች ጅን ነው አሏት። «ሩቅያ አደርጋለሁ» ወደሚል ሰው ወሰደችው። ሰውየው ገንዘቡን ተቀብሎ፣ የልጁን እግር አሳስሮ ውስጥ እግሩን በዱላ መታው። «የሚያመው ልጁን አይደለም፤ ጅኑን ነው» አላት። ልጁ ግን ጅኑ ሳይሆን እሱ ነበር የሚያለቅሰው። ጩኸቱ አልቆመም። የተጨመረለት ነገር ቢኖር መተኛትን መፍራት ብቻ ነበር።

በኋላ ወደ ጤና ባለሙያ ሲሄዱ የተጠየቁት ቀላል ጥያቄ ነበር። በስንት ሰዓት ይነሳል? ያስታውሰዋል? ምላሱን ይነክሳል? ይሸናል? ቀን ላይስ ይወድቃል? እናትየው በስልኳ ቪዲዮ ቀርጻ እንድታመጣ ተነገራት። ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ የሚከሰት የሌሊት ድንጋጤ ነው ተባለ። ልጁ በሰዓቱ እንዲተኛ፣ ሲነሳም ሳይናወጥ በለሆሳስ ወደ መኝታው እንዲመለስ፣ ቀን ላይ ስለሚያስፈራው ነገር እንዲያወራ መከሯት። ዛሬ የሚነሳው አልፎ አልፎ ብቻ ነው፤ አልሐምዱሊላህ።

ይህ ልጅ ብቻውን አይደለም። ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ከጀመረ አንስቶ የፕሪቶሪያው ስምምነት እስከተፈረመበት እስከ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ድረስ በዚህች ከተማ ሰው የተኛው ጆሮው ሳይተኛ ነው። ኅዳር 19 ቀን 2013 የመድፉን ድምፅ የሰማ ልጅ አለ። በጥቅምት 2014 በተከታታይ የደረሰውን የአየር ድብደባ የሚያስታውስ አለ። ነሐሴ 20 ቀን 2014 የሕጻናት መጫወቻ ስፍራ መመታቱን ያየ፣ የሰማ አለ። በዚያው ጦርነት የውቅሮው ነጃሺ መስጂዳችን ሳይቀር ተጎድቷል። ታላላቆቻችን ደግሞ ከዚያም በፊት ግንቦት 28 ቀን 1990 የዓይደር ትምህርት ቤት በቦምብ ሲመታ አይተዋል፤ የዚያን ቀን ተማሪ የነበሩት ዛሬ አባትና እናት ናቸው። በሰባ ካሬና በየትምህርት ቤቱ በተጠለሉ ተፈናቃዮች ዘንድ ደግሞ ብዙ ሰው በአንድ ክፍል ስለሚያድር የአንዱ ልጅ ጩኸት ሁሉንም ይቀሰቅሳል። በር ሲገጭ የሚደነግጥ ሕዝብ፣ ሌሊት ቢቃዥ ምን ይገርማል?

እስልምና በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። ኢማሙ ማሊክ በሙወጠእ ላይ እንደጠቀሱት፣ ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ) ለነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በእንቅልፉ እንደሚደነግጥ ነግሯቸዋል። በሌላ ዘገባ የተናገረው አል-ወሊድ ኢብኑል ወሊድ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከመኝታ በፊት በአላህ ምሉዕ ቃላት ከቁጣው፣ ከባሮቹ ክፋትና ከሸይጣናት ጉትጎታ የሚጠበቅበትን ዱዓ አስተማሩ። ወንድሞችና እህቶች፣ ሁለት ነገር ልብ እንበል። ጦር ሜዳ የዋለ ጀግና በእንቅልፉ ሊደነግጥ ይችላል፤ ይህ ፍርሃትም የኢማን ጉድለትም አይደለም። ደግሞም የደነገጠው ሰው ለመናገር አላፈረም፤ የሰማውም አልዘለፈውም፤ አልመታውም።

ቁርኣንም እንቅልፍን የአላህ ተአምርና እረፍት ብሎ ይጠራዋል። ከኡሑድ ሐዘን በኋላ አላህ በምእመናን ላይ ያወረደው ጸጥታ የሚሰጥ ሸለብታን ነበር። በበድርም እንዲሁ። እንቅልፍ የሰላም ወንድም ነው። የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ከመካ ስቃይ ሸሽተው በነጃሺ ሀገር ያገኙት ትልቁ ጸጋ ይኸው በሰላም ማደር ነበር። ስለዚህ ሰላም ያጣ ሰው እንቅልፍ ቢያጣ ቁስለኛ ነው እንጂ ነውረኛ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። «ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መጥፎ ሕልምን ለሰው አትንገሩ ብለው የለም ወይ? ታዲያ እንዴት ለሐኪም እንነግራለን?» ሐዲሱ እውነት ነው። ክፉ ሕልም ያየ ሰው ወደ ግራው ሦስት ጊዜ ቱፍ እንዲል፣ ከሸይጣን በአላህ እንዲጠበቅ፣ የተኛበትን ጎን እንዲቀይር፣ ለማንም እንዳያወራው ተመክሯል። አንገቱ ሲቆረጥ በሕልሙ ያየውን ሰውም ሸይጣን በእንቅልፉ የተጫወተበትን ለሰዎች እንዳያወራ ነግረውታል። ይህ ምክር በአንድ ቅዠት ተሸብሮ ፍቺ ፍለጋ በየቤቱ ከመዞር የሚጠብቅ ታላቅ እዝነት ነው። ግን «በየሌሊቱ እባንናለሁ፣ ከእንቅልፌ ተነስቼ እሄዳለሁ፣ ባለቤቴን እመታለሁ» ብሎ ለሚረዳ ሰው ችግርን ማስረዳት ሌላ ነገር ነው። ሆድ ቁርጠትን እንደመናገር ነው። በእንቅልፉ የሚደነግጠውም ሰሐቢይ የተናገረው በዚሁ መልኩ ነው። በሌላ ሐዲስ ደግሞ ሕልም ሦስት ዓይነት እንደሆነ ተምረናል፦ ከአላህ የሆነ ብሥራት፣ ከሸይጣን የሆነ ማስፈራሪያ፣ ሰው ከራሱ ጋር የሚያወራው። ሦስተኛውን ለምን እንረሳዋለን? ቀን የዋጥነውን ሌሊት የምናወራው ብዙ ነገር አለ።

አሁን ነገሩን ለየት ለየት አድርገን እንየው። ሁሉም «የሌሊት ነገር» አንድ አይደለም።

ልጆች ላይ የሚበዛው በእንቅልፍ ልብ መሄድና የሌሊት ድንጋጤ የሚመጣው ሌሊቱ ገና ሲጀምር፣ በጥልቁ እንቅልፍ ውስጥ ነው። ግማሹ አእምሮ ነቅቶ ግማሹ ተኝቷል ማለት ይቻላል። ስለዚህ ዐይኑ ተገልጦ አያይም፤ ጠዋትም አያስታውስም። በዘር ይሄዳል፤ የእንቅልፍ እጦት፣ ትኩሳትና ጭንቀት ያባብሱታል። አብዛኛው ልጅ ሲያድግ ይተወዋል።

ቅዠት ግን ወደ ንጋት ይበዛል፤ ሰውየውም ያየውን ያስታውሳል። ክፉ ነገር ባለፈበት ሰው ላይ ያው ትዕይንት እየተመላለሰ ሲመጣ የደረሰበት ነገር ቁስል ነው። ለዚህ መድኃኒት ብቻ አይደለም ያለው፤ ሰውየው ቀን ላይ፣ በባለሙያ እገዛ፣ የቅዠቱን መጨረሻ በሌላ ፍጻሜ ቀይሮ ደጋግሞ እንዲያስበው የሚደረግበት ሕክምናም አለ። ብዙዎችን ረድቷል።

ዱካክ ደግሞ እንዲህ ነው፦ ሕልም በምናይበት ሰዓት ጡንቻዎቻችን ይታሰራሉ፤ ሕልማችንን ተነስተን እንዳንፈጽመው የአላህ እዝነት ነው። አንዳንዴ አእምሮ ከሰውነት ቀድሞ ይነቃል። ያኔ ዐይን ያያል፣ እጅ አይነሳም፣ የሕልሙም ርዝራዥ በክፍሉ ውስጥ ጥላ ሆኖ ይታያል። ከሰከንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይለቃል፤ አይገድልም። በጀርባ መተኛትና የተቆራረጠ እንቅልፍ ያበዙታል። ጫት የሚቅሙ ወንድሞቻችን ጫቱን ሲያቆሙ ዱካክ እንደሚበረታባቸው ያውቃሉ። ብዙዎች «ጅኑ ጫቴን እየጠየቀ ነው» ብለው ወደ ቅጠሉ ይመለሳሉ። ጅኑ ሳይሆን አነቃቂውን የለመደ ሰውነት ነው የሚጠይቀው፤ ታግሰው ካለፉት ይበርዳል።

ሕልሙን ተነስቶ የሚፈጽም፣ የሚማታና ከአልጋ የሚወድቅ ሰው ላይ ደግሞ ያ የጡንቻ እስር ላልቷል። ይህ በተለይ ከ50 ዓመት በላይ በሆኑ ወንዶች ላይ ይታያል፤ አንዳንዴ ከዓመታት በኋላ ለሚመጣ እንደ ፓርኪንሰን ላለ የነርቭ በሽታ ቀዳሚ ምልክት ነው። ስለዚህ አባታችን ሌሊት መማታት ሲጀምር በሳቅ ወይም በሐሜት የምናልፈው አይደለም። ሌሊት የሚንቀጠቀጥ፣ ምላሱን የሚነክስ፣ የሚሸና ሰውም የሚጥል በሽታ ሊኖርበት ይችላል፤ ይህ መድኃኒት ያለው በሽታ ነው።

«ይህ የፈረንጅ ወሬ ነው» የሚል ካለ፣ የራሳችንን ሊቃውንት ያንብብ። ከሺህ ዓመት በፊት የቡኻራው ሐኪም አል-አኸወይኒ፣ ከእርሱም በኋላ ኢብን ሲና በቃኑን መጽሐፉ፣ ሰውን በእንቅልፉ የሚጫነውን «ካቡስ» ከአንጎል በሽታዎች ጋር ጽፈውታል፤ ከሚጥል በሽታም ጋር አያይዘውታል። ምክንያቱን ያስረዱበት የዘመናቸው ዕውቀት ዛሬ ተቀይሯል። አካሄዳቸው ግን ትክክል ነበር፤ ሙስሊም ሆነው፣ የታመመን ሰው ሲያዩ በሽታውን ፈለጉ።

እንግዲህ ጅንን እየካዳችሁ ነው አትበሉን። ጅን መኖሩን ቁርኣን ነግሮናል፤ አምነናል። ሩቅያም ሱና ነው። አያተል ኩርሲይን አንብቦ የሚተኛ ሰው ጠባቂ እንዳለው በአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ሐዲስ ተምረናል። የምንቃወመው አንድን የታመመ ልጅ አይቶ፣ ምንም ሳይጠይቅ፣ «እገሌ የሚባል ጅን ነው፤ እገሊት አስደርጋበት ነው» ብሎ የሩቅ ምስጢር የሚያውቅ መስሎ መናገርን ነው። በዚህ ቃል ስንት ጎረቤት ተጣላ? ስንት ምራት ከቤት ወጣች? ስንት ልጃገረድ «ሌሊት የምትጮህ» ተብላ ትዳር ቀረባት? በሽታን ሁሉ የሚያወርደው አላህ መድኃኒቱንም አውርዷል፤ ታከሙ ተብለናል። ግመሏን እሰርና ተመካ ተብለናል። ሩቅያውን አንብበን ወደ ሐኪም ብንሄድ ከተወኩል ምን ይጎድላል?

ፍትሐዊ ለመሆን ወደ ሌላውም ወገን እንዞር። ሕመምተኛ «ጅን መስሎኝ» ሲል የሚስቅ ሐኪም አለ። በዚያ ሳቅ ምክንያት ዳግም ወደ ጤና ተቋም ያልተመለሰ ሰው እናውቃለን። በከበባው ዘመን የዓይደር ሐኪሞች ደመወዝና መድኃኒት አጥተው ሲሠሩ አይተናል፤ ምስጋናችን ትልቅ ነው። ግን ወንድሞቻችን ሐኪሞች ሆይ፣ ሰውየው ዱዓውን ሳይተው መድኃኒቱን እንዲወስድ ብትመክሩት ይሰማችኋል። በአማኑኤልም ሆነ በመቀሌ ብትሠሩ፣ የምታክሙት አማኝ ሕዝብ ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መከለያ በሌለው ጣሪያ ላይ መተኛትን ከልክለዋል፤ ስንተኛ እሳት እንድናጠፋ፣ በር እንድንዘጋ አዘዋል። በእንቅልፍ ልቡ የሚሄድ ሰው ላለበት ቤት ከዚህ የተሻለ ምክር የለም። እንዲህ ያለውን ሰው ፎቅ ወይም ከፍ ያለ አልጋ ላይ አታስተኙት፤ ፍራሹን መሬት አድርጉለት። በሩ ይዘጋ፤ ቁልፉ ግን ለአደጋ ጊዜ ቤተሰቡ የሚያገኘው ቦታ ይሁን። ቢላና የጋለ ምድጃ በመንገዱ አይቅር። የመቀሌ ሌሊት ቀዝቃዛ ነው ብላችሁ ፍም ያለበት የከሰል ምድጃ ክፍል ውስጥ አታሳድሩ፤ የሚራመደውን ያቃጥላል፣ የሚተኛውንም በጭሱ ይገድላል። ሲነሳ አትጩሁበት፣ አታናውጡት፣ ውሃ አትድፉበት፤ በቀስታ ወደ መኝታው ምሩት። የሚማታ ባል ያላት እህት እስኪታከም ድረስ ለብቻዋ ብትተኛ ነውር የለበትም፤ እሱም አይቀየማት።

ቤተሰብን የሚያስጨንቁ የሸሪዓ ጥያቄዎችም አሉ። ከተኛ ሰው ላይ እስኪነቃ ድረስ ብዕር ተነስቷል። በእንቅልፉ ለተናገረው አይጠየቅም፤ በእንቅልፍ ልቡ «ፈትቼሻለሁ» ቢልም ፍቺ አይሆንም። ሌሊቱን ሲባንን አድሮ፣ ለመነሳት እየጣረ ሱብሒ ያመለጠው ሰው ሲነቃ ይስገድ፤ በእንቅልፍ ላይ እያለ ጥፋት የለበትም። እሱን «ሙናፊቅ» ብሎ መጥራት ግን ጥፋት ነው።

ስለዚህ ለጀመዓችን አምስት ነገር እንላለን።

አንደኛ፣ ሩቅያ የሚያደርጉ ወንድሞች ዱላ ያስቀምጡ። መምታት፣ ማነቅ፣ ማሰር፣ ከባዕድ ሴት ጋር ለብቻ መሆን ሩቅያ አይደለም። የመስጂድ ኮሚቴዎች ይህን የሚያደርገውን ሰው በዝምታ አይለፉት።

ሁለተኛ፣ ማንም ሰው «መድኃኒትህን ተው» አይበል። በተለይ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ የማያቆም መንቀጥቀጥ ሊያስከትልና ሊገድል ይችላል።

ሦስተኛ፣ ኢማሞቻችን በአንድ ጁሙዓ ኹጥባቸው ላይ የእንቅልፍ ድንጋጤ ነውር እንዳልሆነ ይናገሩ። ከሚንበር የሚወጣ አንድ ቃል ከእኛ ረጅም ጽሑፍ በላይ ይሠራል።

አራተኛ፣ በየመስጂዱ የጤና ባለሙያ የሆኑ ወንድሞችና እህቶች አሉ። ሰው ሲቸገር ወዴት እንደሚሄድ የሚጠቁም አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት ይመደቡ። ገንዘብ አይጠይቅም።

አምስተኛ፣ የእንቅልፍ ክኒን ከጎረቤት አንዋዋስ፤ ያለ ማዘዣም አንግዛ። ዲያዚፓምና መሰሎቹ ሱስ ያስይዛሉ፤ አንዳንድ መድኃኒት ራሱ ቅዠት ያመጣል።

መቼ እንሂድ ብትሉ፦ ነገሩ በሳምንት ሲደጋገም፣ ሰው ሲጎዳ፣ ቀን ላይ ሥራና ትምህርት ሲያበላሽ፣ ትልቅ ሰው ላይ አዲስ ሲጀምር፣ መንቀጥቀጥ ሲኖረው፣ ወይም ሰውየው መኖር ሲያስጠላው አትዘግዩ። የመጨረሻው ከሆነ ያንኑ ቀን ሂዱ፤ ብቻውንም አታሳድሩት።

ያቺ እናት ስትነግረን አንድ ነገር አለች። ልጇ ከዱላው በኋላ ማታ ማታ «እማ፣ ዛሬ ባልተኛስ?» ይላት ነበር። ልጅ እንዲህ እንዲል ያደረግነው እኛ ነን፤ ጦርነቱ ብቻ አይደለም። የጦርነቱን መመለስ አንችልም፤ ዱላውን መጣል ግን እንችላለን።

አላህ ሆይ፣ ለዚህች ከተማና ለመላው ሀገራችን ጸጥታን አውርድ። የሚባንኑትን አረጋጋቸው፤ የታመሙትን አሽራቸው፤ ከቀዬአቸው የራቁትን በሰላም መልሳቸው። ለልጆቻችን ሳይፈሩ የሚተኙበትን ሌሊት ስጣቸው። አሚን።

ወላሁ አዕለም።

ሌሊት የሚቸገር ሰው ያለበትን ቤት የምታውቁ፣ ይህን ጽሑፍ በውስጥ መስመር አድርሱላቸው።